ዕቃው ተቆጥሯል፤ ሟቹስ?

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ አልወድም የሚል ተማሪ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። አይኖርም። በየመኝታ ክፍላችን ከትራስ ሥር ወደ ትራስ ሥር የሚዞረው፣ ሽፋኑ የተገነጠለው፣ የመጨረሻው ገጽ ብቻ በፕላስተር የተጠገነው መጽሐፍ ያው እሱ ነው። ለንባብ የታዘዘውን ሃያ ገጽ በሳምንት የማይጨርስ ሰው ይኸን ሁለት መቶ ገጽ በአንድ ሌሊት ይፈጀዋል፤ ሲነጋ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ለቁርስ ይሰለፋል። ገዳዩን አስቀድሞ የነገረው ሰው ካለ ግን ወዮለት! ከዚያ በላይ የሚያጣላ ነገር በግቢያችን የለም።

ከነዚህ ታሪኮች መካከል እኔ አብልጬ የምወደው አንድ ዓይነት አለ። አንዲት መርከብ ባሕር ውስጥ የሰጠመ ወርቅ ፍለጋ ትነሳለች። ካርታ የያዘ ሽማግሌ አለ፤ ገንዘቡን ያወጣ ባለጸጋ አለ፤ ብዙ የማይናገር ጠላቂ አለ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ሞቶ ይገኛል። የብስ ሩቅ ስለሆነ ማንም ወርዶ ሊጠፋ አይችልም፤ ስለዚህ ገዳዩ ከመካከላቸው ነው። መርማሪው ሁሉንም በአንድ ክፍል ይሰበስብና በየተራ ይጠይቃቸዋል። ወርቁ ተገኘ አልተገኘ ከዚያ በኋላ የሚጨነቅ የለም። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆናል፤ ማን ገደለው?

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የወገል ጤና ልጅ ነኝ። ነገር ግን ደላንታን የሚያውቅ ሰው መርከብ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ሜዳችን በበሽሎና በጂጣ ገደሎች ተቆርጦ የቆመ ደጋ ነው። በክረምት ጧት ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ሲያድር፣ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ባሕር ማለት እሱ ነው፤ እኛም በላዩ የተሳፈርን እንመስላለን። ደግሞም የእንግሊዟ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በ1937 (ዓ.ም. ያላልኩትን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዝልኝ) ያሳተመችው ዝነኛ መጽሐፍ በዓባይ ላይ በምትሄድ መርከብ ስለተፈጸመ ግድያ ነው። በሽሎ የዓባይ ገባር መሆኑን ያልረሳ አንባቢ፣ ያች መርከብ ከምትንሳፈፍበት ውኃ ጥቂቱ የኛ ነው ብሎ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ይሁንና ለመሳቅ ብቻ አይደለም የተነሳሁት። የዚህ ዓይነት ጽሑፍ አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፤ ሬሳው ይቀድማል። ሟቹ ማን እንደሆነ፣ ዕድሜው፣ የሞተበት ሰዓት፣ በኪሱ የተገኘው ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይታወቃል። ሟች ከሌለ መርማሪ አይጠራም። እኔ ደግሞ የታሪክ ተማሪ እንደመሆኔ የሀገሬን ነገር ባገላበጥኩ ቁጥር የማየው የዚህ ተቃራኒ ነው። በኛ ዘንድ ወርቁ ይቀድማል። ዕቃው በዝርዝር ይቆጠራል፤ ሟቹ ግን "ብዙ ሰው" ይባልና ይታለፋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ስሙ የሚያስቅ አንድ ተጠርጣሪ አለ። ሆልምስ ይባላል። ሼርሎክ አይደለም፤ ሪቻርድ ነው። ሼርሎክ ሆልምስ በኮናን ዶይል ብዕር የተወለደው በ1887 ነው። ሪቻርድ ሆልምስ ግን የሥጋና የደም ሰው ነበር። በ1868 የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዝማችነት ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ የነበረው ይኸ ሰው የጥንት ቅርስ አዋቂ ተብሎ ከሠራዊቱ ጋር መጣ። የቅርስ አዋቂ ከጦር ጋር ምን ይሠራል? ቢባል፣ ምን እንደሚገኝ አስቀድሞ ታስቦ ነበር ከማለት ሌላ መልስ የለውም። አንድ ሺህ ፓውንድ ለመግዣ በእጁ ነበረው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነበር። (እንዲህ ያለውን ነገር ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው በዛ፣ ተጋነነ እንለው ነበር።) ወታደሩም ዕቃ ፍለጋ ተበተነ። ሆልምስ የጳጳሱን ዘውድና ከባድ የወርቅ ጽዋ ከያዘ ወታደር ጋር ተገናኝቶ ሁለቱንም በአራት ፓውንድ ገዛው። ከዚያም ምርኮው ሁሉ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ በሽሎን ተሻገረና ደላንታ ሜዳ ላይ ደረሰ። በዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ሐራጅ ተባለ። ሁለት ቀን ሙሉ! ብራናው፣ መስቀሉ፣ ጽናጽሉ፣ ካባው በእኛ ሣር ላይ ተዘርግቶ በድምፅ ተሸጠ። የተገኘው ገንዘብ ወደ 5,000 ፓውንድ ነበር፤ ለወታደሩ ሲከፋፈል በነፍስ ወከፍ አራት ዶላር ገደማ ደረሰው። ሆልምስም ለሙዚየሙ ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ሰበሰበ።

እዚያ ሜዳ ላይ ከብት ጠብቄ አድጌአለሁ። ሐራጁ የትኛው ጉብታ አጠገብ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው ግን አላገኘሁም። ዝሆኖቹ አሥራ አምስት እንደነበሩ ያወቅሁት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከመጽሐፍ ነው። ዝሆኑ ተቆጥሯል፤ ፓውንዱ ተቆጥሯል። ቴዎድሮስ ከመሞታቸው በፊት በነበረው አርብ በአሮጌ ሜዳ ላይ የረገፉት ኢትዮጵያውያንስ? "ወደ 700 የሚሆኑ" ይላል መጽሐፉ። ወደ! የበቅሎው ቁጥርና የሰዉ ቁጥር እኩል በግምት ሲጻፍ ሳይ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ቴዎድሮስ ከአልጋቸው በላይ ያኖሩት የነበረ አንድ ሥዕል ነበር፤ ኵርዓተ ርእሱ ይባላል። ክርስቶስ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ነው። ነገሥታቱ ጦርነት ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱ፣ መኳንንቱ የሚማማሉበት፣ በዘመነ ኢያሱ ዳግማዊ በስናር ጦርነት ተማርኮ በገንዘብ የተዋጀ ሥዕል ነው። ከመቅደላ በኋላ ይኸ ሥዕል ጠፋ።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በነሐሴ 1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ። ብሪቲሽ ሙዚየም ክብረ ነገሥት ሁለት ስለነበረው አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን ተፈልጎ አልተገኘም፣ እንግሊዝ አገር የገባም አይመስለንም የሚል መልስ መጣ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያን ጊዜ የንግሥቲቱ የዊንዘር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ማን ነበር? ሪቻርድ ሆልምስ! ከ1870 ጀምሮ እዚያው ነበር። ሥዕሉስ የት ነበር? በሪቻርድ ሆልምስ እጅ! ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ ይዞት ነበር። ነገሩ የታወቀው በ1905 በርሊንግተን የተባለው የሥነ ጥበብ መጽሔት የሥዕሉን ፎቶግራፍ ከባለቤቱ ስም ጋር ባወጣ ጊዜ ነው። ዮሐንስ በመተማ ከተሰዉ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። ሆልምስ በ1911 ሞተ፤ ሥዕሉ በ1917 ሎንዶን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 ወደ አንድ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ተሻገረ፤ ከዚያም እንደገና ተሰወረ። በ1998 ማርቲን ቤይሊ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፍለጋውን ተከታትሎ ፖርቱጋል ውስጥ አገኘው።

ይኸን የመሰለ የምርመራ ታሪክ ከየት ይገኛል? ሌባውን እንዲፈልግ የሚጠየቀው ቤት ሌባው ራሱ የሚሠራበት ቤት ነው። በልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ ሼርሎክ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይነቃበት ነበር። በእውነተኛው ዓለም ግን 33 ዓመት ፈጀ፤ ለዚያውም የተደረሰበት ባለቤቱ ራሱ ፎቶግራፉን እንዲያወጡት ስለፈቀደ ነው።

ሚዛን የያዘ መርማሪ ግን እንግሊዞቹን ብቻ አስሮ አይሄድም። ያን ሀብት መቅደላ ማን ሰበሰበው? ከሚለውም ይነሳል። ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን አራቁተው፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ብራናና ዕቃ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም አምጥተዋል። የጎንደር ቄስ ቢጠየቅ የሚመሰክረው ሌላ ነው። ከመሞታቸው ጥቂት ቀን በፊትም ብዙ እስረኞች ከገደል ወደ ታች ተወርውረዋል። ጀግናዬ ናቸው ብዬ ይኸን ብዘል ከሆልምስ በምን እለያለሁ? እሱም የሚፈልገውን መርጦ ያነሳ ሰው ነው። የነዚያ እስረኞች ስም ዝርዝርስ የት አለ? ከገደሉ ሥር።

የመቅደላ ነገር መርከብም አለበት። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ከዙላ ወደብ ፌሮዝ በተባለች መርከብ ተሳፈረ። አባቱ መቅደላ ላይ ሞተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ትግራይ ላይ ሞተዋል። አንድ ሕፃን በማያውቀው ባሕር ላይ፣ ቋንቋውን ከሚያውቅ አንድ ፈረንጅ መኮንን ጋር። ከመቅደላ ከተወሰደው ሁሉ የሚያለቅሰው እሱ ብቻ ነበር። በ1879 ሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረው በዚያው በዊንዘር ግቢ ነው። አፅሙ ይመለስ ተብሎ ቢጠየቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አይሆንም ብሏል፤ የሌሎቹን አፅም ሳንነካ ማውጣት አንችልም በማለት።

ኮናን ዶይል በ1890 ያሳተመው "የአራቱ ምልክት" የሚባል ታሪክ አለ። በዚያ ውስጥ በ1857 የሕንድ አመፅ ጊዜ ከአግራ የተዘረፈ የዕንቁ ሣጥን አለ፤ ለንደን ውስጥ ግድያ ይፈጸማል፤ ሼርሎክ በወንዝ ላይ ገዳዩን በእንፋሎት ጀልባ ያሳድዳል። (ናፒየርም ከኛ ዘንድ ከመምጣቱ ዐሥር ዓመት በፊት በዚያው አመፅ ጊዜ ሕንድ ውስጥ ሲዋጋ ነበር።) ሣጥኑ ሲያዝ ባዶ ነው፤ ዕንቁው ወንዝ ውስጥ ተበትኗል። ሁላችን ይኸን ስናነብ ለሼርሎክ እናጨበጭባለን። ያን ሣጥን ተሸክሞ ሲሄድ አግራ ላይ የታረደው ሕንዳዊ ነጋዴ ግን ማን ይባል ነበር? መጽሐፉ ስሙን ይነግረናል፤ አንባቢው አይዘውም። እኔም ሦስት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ነው ልብ ያልኩት። ሼርሎክ የተጠራው ለሱ ደም አይደለም፤ ለንደን ውስጥ ለሞተው ነው። መርማሪ ጥበቡ ብቻ አይበቃውም፤ የሚጠራው ሰው ያስፈልገዋል።

ዕቃማ ጠሪ አያጣም። ከላሊበላ መድኃኔ ዓለም በ1997 የተሰረቀውን አፍሮ አይገባ የተባለውን መስቀል አስታውሱ። ሌባው ከባሕር ማዶ አልመጣም፤ የገዛ አገሩ ሰው ነው የሸጠው፤ የገዛው ቤልጂጋዊ ሲሆን ዋጋው 25,000 ዶላር ነበር። ላስታ አለቀሰ፤ አገር ተንጫጫ። በ2001 መስቀሉ ተመለሰ፤ ስሙ እንደሚለው አፍሮ አልቀረም። በዚያው ዓመት ኤድንብራ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን የመቅደላ ታቦት ተገኘና በ2002 ወደ አገሩ ሲገባ አዲስ አበባ በእልልታ ወጥታ ተቀበለችው። በዚህ ሥራ ሪቻርድ ፓንክረስትን የመሰለ ትጉህ መርማሪ አልነበረንም። በ2017 ዐርፈው አዲስ አበባ እስኪቀበሩ ድረስ የእያንዳንዱን ዕቃ ዱካ ሲከታተሉ ኖሩ። እነዚህ ዕቃዎች የተመለሱት ስም ስለነበራቸው ነው። አፍሮ አይገባ፣ ኵርዓተ ርእሱ ብሎ የሚጠራቸው ሕዝብ ስለነበራቸው።

አሁን ከመቅደላ ልውረድና ወደ ቤቴ ልግባ። በ2000 ዓ.ም. ከወገል ጤና ብዙ በማይርቀው ገደል ላይ ኦፓል ተገኘ። የጂኦሎጂ ተማሪ የሆነው የክፍል ጓደኛዬ እንዳስረዳኝ፣ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የጣለው አመድ ድንጋይ ሆኖ በገደሉ ወገብ ላይ ተነጥፏል። ኦፓሉ የሚገኘው ከአንድ ሜትር በማይወፍር አንድ ንብርብር ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆፋሪው ወደ ታች አይቆፍርም፤ በገደሉ ፊት በቀጭን መንገድ እየተንጠለጠለ ይሄድና ንብርብሩን ተከትሎ እንደ ጃርት ወደ ውስጥ ይገባል። መሣሪያው ዶማ፣ መዶሻ፣ መሮና የእጅ ባትሪ ነው። ከላይ ያለው ተራራ በምን እንደተያዘ አይጠየቅም።

ታናሽ ወንድሜ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጦ እዚያ ገባ። ባለፈው ክረምት ስሄድ አንድ ፍሬ ከኪሱ አውጥቶ በውኃ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረልኝ። ቀይና አረንጓዴ፣ እንደ ቀስተ ደመና ሲብለጨለጭ የነበረው ድንጋይ ውኃውን እየጠጣ ጠራ፤ ቀለሙ ሁሉ ሸሸና ብርጭቆውን በብርጭቆ ውስጥ ያስቀመጥን መሰለ። "ሲደርቅ ይመለሳል" አለኝ። "ገዥዎቹ በምላሳቸው ነክተው ነው የሚያውቁት። የእኛው ምላስ ላይ ይጣበቃል።" ይኸው ድንጋይ ከወንድሜ እጅ ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሕንድ አገር ጃይፑር ተሻግሮ ይሞረዳል። ናፒየር ጦሩን ያመጣው ከቦምቤይ ነበር። ዝሆን ወደኛ መጣ፤ ድንጋይ ወደዚያ ሄደ።

ከዚያ ገደል ውስጥ የወንድሜ ጓደኛ አልወጣም። ሁለቱ አብረው ነበር የሚቆፍሩት፤ በዚያ ቀን ወንድሜ ሽንብራ ሊያሳርር ወጥቶ ነበር። ድምፁ ትልቅ አልነበረም ይለኛል፤ በሬ ሲተኛ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ከዚያ አቧራ። ሬሳውን ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀ። በ2016 ዓ.ም. እዚያው ደላንታ ውስጥ ዋሻ ተደርምሶ ወደ ሃያ የሚሆኑ ቆፋሪዎች መታፈናቸው በተሰማ ጊዜ አገር ሁሉ ሰምቶ ነበር፤ ሕዝቡ በእጁና በዶማ ድንጋይ ሲያነሳ ሰነበተ። አንድ አንድ የሚሞተውን ግን ማንም አይሰማም። የታሪክ ተማሪ ነኝና የሞተበትን ቀን ጠየቅሁ። ወንድሜ "ባለፈው ዓመት፣ ከጤፍ አጨዳ በፊት" አለኝ። ሌላው "የለም፣ በኋላ ነው" አለ። የሚመለከተው አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ በማኅበር የተመዘገበ ቆፋሪ ስላልነበር ስሙ የለም ተባልኩ። ካልተመዘገበ አልቆፈረም፤ ካልቆፈረም አልሞተም ማለት ነው እንግዲህ!

እናትየው ቤት ሄድኩ። ቡና ላይ ነበሩ።

"እትዬ፣ የሞተበትን ቀን ልጽፍ ነበር የመጣሁት" አልኳቸው።

"ለመንግሥት ነው?"

"አይ፣ ለራሴ ነው። ለትምህርቴም ይሆነኛል።"

"ጥፋተኛ ልትፈልግ ነው ልጄ?"

"መጀመሪያ ስሙንና ቀኑን። ሌላውን እንጃ።"

ሲኒውን አስቀመጡና "ስሙንማ እኔ አለሁለት" አሉ። ቀጥሎ ትንሽ አሰቡና "ግን እኔም ዘላለም አልኖር። ጻፈው። የጊዮርጊስ ማግስት ነበር፤ ማኅበር በልቼ የተረፈውን እንጀራ አስቋጥሬው ነበርና አልረሳውም። ወሩን ነው የማላስታውሰው፤ ሐዘኑ ወሩን አጠፋብኝ" አሉኝ።

የጊዮርጊስ ማግስት ማለት 24 ነው። ወሩስ? እዚህ ላይ ነው ያ ሁሉ ሌሊት ያነበብኩት መጽሐፍ የጠቀመኝ። ለወንድሜና ለጓደኛው ዕቃ የሚቀበል አንድ ደላላ አለ፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሬሳውን ሲያወጡም አብሮ ድንጋይ አንስቷል። ደብተሩን አሳየኝ ብለው አሳየኝ። ሥርዓት ያለው ደብተር ነው፤ ቀን፣ ግራም፣ ዋጋ፣ የተከፈለ፣ የቀረ። የሁለቱ ልጆች ዕቃ በየሦስት በየአራት ቀኑ ይገባል። ኅዳር 23 ላይ 41 ግራም አለ። ከዚያ ባዶ። እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አንድም መስመር የለም። ከዚያ በኋላ በወንድሜ ስም ብቻ ይቀጥላል።

ልጁ የሞተው ኅዳር 24 ነው። የሞቱ ማስረጃ ያ ባዶ መስመር ነው። ደላላውም አይቶት "ወይ ጉድ፣ ለካ እዚህ ነው" አለና ደብተሩን በመዳፉ ሸፈነው።

እንግዲህ ቀኑ ከታወቀ መርማሪው ተሳፋሪዎቹን የሚሰበስብበት ጊዜ ነው። ማን ገደለው? ደላላው ይቅረብ፤ "እኔ ውሰዱልኝ አልኩ እንጂ ግቡ አላልኩም" ይላል። ገዥው ይቅረብ፤ ወገል ጤናን በካርታም አያውቃት። ጽሕፈት ቤቱ ይቅረብ፤ "አልተመዘገበም" ይላል። ጃይፑር ላይ ድንጋዩን የሚሞርደው ምናልባት ራሱ ከኛ የባሰ ድኻ ነው። ቀለበቱን ያሰረችው ሴት ባሏ ወዶ የሰጣት ነው። ከመርከቡ ወገን አንድ የቀረ ተሳፋሪ አለ፤ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ በየወሩ የኪስ ገንዘብ የሚላክለት። ወንድሜ ስለዚህ ነገር ስንጫወት ያለ ቂም፣ እየሳቀ "ጉድጓዱ ባይኖር አንተስ ደብተር ከየት ታመጣ ነበር?" አለኝ። ይኸን የምጽፍበትም ብዕር ከዚያው ነው የተገዛው።

አጋታ ክሪስቲ በ1934 ባሳተመችው በሌላው መጽሐፏ በባቡር ውስጥ አንድ ሰው ይገደልና መጨረሻው ሲደረስ ሁሉም ተሳፋሪ ገዳይ ሆኖ ይገኛል። ብልህ መጽሐፍ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ አልቀበለውም። ሁሉም ጥፋተኛ ነው ማለት ለጥፋተኞች ሁሉ ምቹ ነው። ሁላችን ትከሻችንን ሰብቀን ለእራት እንሰለፋለን። ደግሞም እኩል አይደለንም። ሦስት እንጨት ደጋፊ ለዋሻው ጣሪያ ቢቆምለት ልጁ ዛሬ በሕይወት በኖረ፤ እንጨቱን ሊያቆም ሥልጣኑና ገንዘቡ ያለው ሰው ደግሞ የተለየና የሚታወቅ ነው። ነገር ግን ማንንም ከመክሰስ በፊት "እንዲህ የሚባል ሰው፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ሞቷል" የሚል አንድ ወረቀት ያስፈልጋል። ያ ወረቀት ሳይኖር የሚነሳ ክርክር ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ሟች ደግሞ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ገደሉን ያየ ያውቃል።

ሌላም የሚያከራክረኝ ነገር አለ። ጓደኞቼ "ጉድጓዱ ይዘጋ ብለህ ጻፍ" ይሉኛል። አልጽፍም። የገብስ ማሳችን በየዓመቱ ለልጆች ሲካፈል ጠቦ ጠቦ አሁን ለአንድ ጥማድ መዞሪያ አይበቃም፤ ወንድሜ ወደ ገደሉ የሄደው ወርቅ ፍለጋ በመርከብ እንደሚሄደው ባለጸጋ ጀብዱ አምሮት አይደለም። ጉድጓዱን ዝጉ የሚል ሰው ሌላ በር ይክፈትለት። እኔ የምለው ገብቶ እንዲወጣ ይደረግ ነው። ካልወጣም ስሙ ይውጣ።

ስለዚህ አንድ ደብተር ጀምሬአለሁ። አራት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው ስም ከነአባት፤ ሁለተኛው ዕድሜ፤ ሦስተኛው የሞተበት ቀንና ቦታ፤ አራተኛው ይኸን ማን ነገረኝ የሚል ነው። አራተኛውን የጨመርኩት መምህራን ስለሚያስተምሩን ብቻ አይደለም፤ የነገረኝ ሰው ራሱ ምስክር ሆኖ እንዲመዘገብ ብዬ ነው። ስሞቹን እዚህ አላወጣም፤ ለየቤተሰቡ የገባሁት ቃል አለ። በክረምቱ ውስጥ አሥራ አንድ መስመር ሞልቷል። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ቀናቸው የተገኘው በደላሎች ደብተር ባዶ መስመር ነው።

ከዚህ የምታነቡት መካከል ከሻኪሶ የመጣችሁ አላችሁ፤ ከቤኒሻንጉል ወርቅ አካባቢ የመጣችሁም አላችሁ፤ የመንዝ ልጆችም ከኛ በፊት ኦፓል ያወቃችሁ ናችሁ። ለዕረፍት ስትሄዱ መጽሐፍ መያዛችሁ አይቀርም፤ ሌባና ፖሊሱንም አንብቡ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን በዚያው አንድ ደብተር ያዙ። ለእናቶች ወሩን አትጠይቋቸው፤ የትኛው ታቦት ቀን እንደነበረ ጠይቋቸው፤ እሱን አይረሱም። ከዚያ ዕቃ ወደሚመዝነው ሰው ሂዱና ደብተሩን እንዲያሳያችሁ ለምኑት። የተጻፈውን ብቻ እንዳታዩ፤ መስመሩ የሚቋረጥበትን ፈልጉ።

የኔ ደብተር መኝታ ክፍሌ አለ። ከመስከረም በኋላ ስም ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ከማታ ጥናት በኋላ ያገኘኛል።